የትምባሆ ሕግና የነገሌ መንገድ

የትምባሆ ቁጥጥር በተነሳ ቁጥር አንድ መከራከሪያ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደርሳል፦ ሕጉ ከጠበቀ፣ ታክሱም ከጨመረ ገበያውን ኮንትሮባንድ ይወርሰዋል። አምራቾች ይሉታል፤ ከእነሱ ተረክበው የሚሸጡ ጅምላ አከፋፋዮች ይደግሙታል። በእኛ አገር ማስረጃ ሲጠየቁ እጃቸው ወደ ድንበር ይዘረጋል፤ ወደ ሞያሌ፣ ወደ ዶሎ አዶ፣ ከዶሎም በፊልቱ በኩል ነገሌ ቦረና ወደሚደርሰው መንገድ። የቆላው ሰው ራሱ ስለ ነገሩ ምን እንደሚል ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመንገዶች መጋጠሚያ ላይ የቆመች ከተማ ናት። በሰሜኗ የክብረ መንግሥትና የሻኪሶ የወርቅ ምድር፣ በምሥራቋ የሶማሌ ቆላ፣ በደቡብ ምዕራቧ ያቤሎና የኬንያ ድንበር አለ። በጥር 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ገናሌ ዶርያ ላይ ከመታ በኋላ ፈጥኖ የያዛት በዚሁ ምክንያት ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በነገሌ የሰፈረው 4ኛ ብርጌድ በምግብና በውሃ ተማሮ አመፀ፤ ሊያነጋግሩት የተላኩትን ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዞ እሱ የሚበላውን እንዲበሉ አደረገ። ከዚያ በፊት የወታደሩን ብሶት በዋና ከተማዋ የሰማው አልነበረም። የቆላው ጉዳይ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር መኖሩ በትምባሆ አልተጀመረም።

በኢትዮጵያ ትምባሆ ለረጅም ዘመን የመንግሥት ንግድ ነበር። ጣሊያን ከተባረረ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምባሆ ሞኖፖል አቋቋመ። በደርግ ዘመን ድርጅቱ ከክብሪት ጋር ተዳብሎ የብሔራዊ ትምባሆና ክብሪት ኮርፖሬሽን ተባለ፤ በኋላም ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ሆነ። ቅጠሉ በሸዋ ሮቢትና በብላቴ ይለማል፤ ኒያላና ግስላ የተባሉት ሲጋራዎች ከአዲስ አበባው ፋብሪካ ወጥተው በጅምላ ነጋዴ በኩል እስከ መጨረሻዋ የቆላ ሱቅ ይደርሳሉ። አምራቹም፣ ዋጋ ቆራጩም፣ ከሽያጩ ቀረጥ የሚሰበስበውም መንግሥት በነበረበት ዘመን አምራቹን ወክሎ ባለሥልጣን ደጅ የሚጠና ነጋዴ አያስፈልግም ነበር። የጤና ባለሙያው ደካማ የነበረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ አቤት የሚለው ለራሱ ለሻጩ ነበር።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የጃፓኑ ጃፓን ቶባኮ የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን 70.95 በመቶ አደረሰ። የጃፓን መንግሥት ራሱ የዚህ ኩባንያ አንድ ሦስተኛ ባለቤት ነው። አሁን ሻጩና ተቆጣጣሪው ተለያዩ፤ እውነተኛው ክርክርም እዚህ ላይ ጀመረ።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት የፈረመችው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን ያጸደቀችው ከአሥር ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 822/2006 ነው። ያ አሥር ዓመት ያስቆጨኛል፤ ባክኗል። የስምምነቱ አንቀጽ 5.3 መንግሥታት የጤና ፖሊሲያቸውን ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንዲጠብቁ ያዛል። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1112ን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በተዘጋ የሕዝብ መገልገያ ውስጥ ማጨስ ተከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ፣ ማስታወቂያ፣ ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም እንዲሁ። የፓኬቱ ፊትና ጀርባ 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ተደነገገ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በማምረቻ ወጪ ላይ ይጣል የነበረውን የ75 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ በ30 በመቶና በፓኬት 8 ብር ቋሚ ታክስ ተካው። ቋሚ ብር በየጊዜው ካልተስተካከለ የዋጋ ንረት እንደሚበላው ልብ ይሏል።

የጅምላ ነጋዴው ስጋት ከንቱ ነው አልልም። ትርፉ ከእያንዳንዱ እስቴካ በምትገኝ ጥቂት ሳንቲም ላይ የቆመ ነው፤ የፓኬቱ መልክ ሲቀየር መጋዘኑ ውስጥ ያለው የቀድሞ ዕቃ ዕዳ ይሆንበታል፤ ቸርቻሪው በዱቤ ወስዶበታል። ይህ ግን በመሸጋገሪያ ጊዜ የሚፈታ ችግር ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የትንሹ ነጋዴ ስጋት የትልቁ ኩባንያ ድምፅ መሆኑ። በ2010 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ሲጋራ ያለ ምልክትና ያለ ቀለም እንዲታሸግ ስታስብ፣ የቸርቻሪዎች ኅብረት የሚባል ቡድን በቴሌቪዥን ዘመቻ ከፈተ። ገንዘቡ ከትምባሆ ኩባንያዎች የመጣ እንደነበር አፈትልከው የወጡ ሰነዶች አጋለጡ። የባለ ሱቁ ፊት በማያ ገጹ ላይ ነበር፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ነበር።

ከሞያሌ ማዶ ያለውን ደግሞ እንይ። ኬንያ የ2014 እ.ኤ.አ. የትምባሆ መመሪያዋን ስታወጣ የብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ የኬንያ ኩባንያ በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት ወሰዳት። ከተቃወማቸው ነጥቦች መካከል ኩባንያዎች 2 በመቶ መዋጮ እንዲከፍሉና የመንግሥት ሹማምንት ከኢንዱስትሪው ጋር ያላቸው ግንኙነት እንዲገደብ የሚሉት ይገኙበታል። ክርክሩ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ወደ ይግባኝ፣ ከይግባኝም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘለቀ። በዚያው በ2015 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ፓኖራማ ፕሮግራም አንድ የቀድሞ የኩባንያውን ሠራተኛ አቅርቦ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለባለሥልጣናትና የትምባሆውን ስምምነት ለሚከታተሉ ሰዎች ጉቦ ይከፈል ነበር ሲል አሰማ። ኩባንያው አስተባበለ፤ የእንግሊዝ መርማሪዎችም ጉዳዩን ያለ ክስ ዘጉት።

ወደ ኮንትሮባንዱ እንመለስ። በነገሌም ሆነ በሞያሌ መንገድ የውጭ ሲጋራ መግባቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ይህ ሲጋራ ከአዋጅ 1112 በፊት፣ ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ ሳይታሰብ፣ 8 ብሩም ሳይጣል በየከተማው ጀብሎ ሳጥን ላይ ነበረ። እዚህ ያደረሰው ረጅሙ ድንበር፣ ጥቂቱ ኬላና ከአዲስ አበባ የሚነሳው ጭነት ዘግይቶ መድረሱ ነው። ታክስ ብቻውን ኮንትሮባንድን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ኬንያ ቀድማ በሰመጠች ነበር። ኬንያ ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱን ፓኬት ከፋብሪካ እስከ ሱቅ የሚከታተል ቴምብር አስገብታ፣ ቀድሞ እስከ 15 በመቶ ይገመት የነበረውን የሕገ ወጥ ሲጋራ ድርሻ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 5 በመቶ አውርዳለች። ታክሱን አልቀነሰችም።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። የቦረና ሽማግሌ ትምባሆ ብዙውን ጊዜ ፓኬት ውስጥ ያለው አይደለም። ቅጠሉን መጋዶ ከሚሉት የማዕድን ጨው ጋር ያኝከዋል፤ ለአማት ቤት ከቡና ጋር ይዞ ይሄዳል፤ በገዳ ሥርዓትም ቦታ አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ጥናት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከአዋቂው 5 በመቶው፣ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ ሲጋራና ሌላ ጭስ የሚወጣው ትምባሆ የሚያጨሱት ግን 3.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመካከል ያለው ልዩነት ፋብሪካውም አከፋፋዩም የማይናገሩለት፣ በየገበያ ቀኑ የሚሸጠው ቅጠል ነው። እሱም የአፍ ካንሰር ያመጣል። ስለ ደቡቡ ቆላ የሚያስብ የጤና ሰው ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ በቋንቋቸው፣ ሥርዓታቸውን ሳያዋርድ።

የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮን ይግባኝ ኅዳር 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ውድቅ አደረገ። የእኛ ምክር ቤት አዋጁን ካጸደቀ አሥር ወር አልሞላም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞያሌ ላይ ከመንገዱ ግራም ቀኝም ጸንቶ የቆመ የትምባሆ ሕግ አለ። «ጎረቤት ልቅ ነው፣ እኛ ብቻ አንጠብቅ» የሚለው ክርክር በዚህ በኩል መሬት የለውም፤ የቀረው ኬላው ላይ ያለው ሥራ ነው።