ካዕብን የሚበላ ስክሪንሹት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በስክሪን ላይ ግን ዕጣቸው ይለያያል። የሦስቱን ስም የያዘ ማስታወቂያ ስክሪንሹት ተነሥቶ መጠኑ ሲቀነስ ሰበታ ከሞላ ጎደል ይነበባል። ቡ፣ ዩ፣ ሱ እና ሉ ግን ካዕብ የሆኑት ከጎናቸው በወጣች አጭር ጭረት ብቻ ነው። ጭረቷ አንድ ፒክስል ከሆነች ምስሉ ወደ ግማሽ ሲወርድ ከነጩ ጋር ተቀላቅላ ትገረጣለች፤ እንደገና ከተቀነሰ ትጠፋለች። የሚቀረው «በራየ» እና «ሰለልታ» ነው። በኮማንድ የሚታዘዝ የስክሪንሹት ፕሮግራም የምስሉን መጠን ተጠቃሚው እንዲወስን ቢፈቅድ ለላቲን ጸሐፊ ምቾት ይሆን ይሆናል፤ ለእኛ ግን ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ የነጥብ ጥያቄ ነው።

የቀድሞው የአይቢኤም ሲጂኤ ስክሪን ለአንድ ሆሄ 8 በ8 ነጥብ ይመድብ ነበር። ላቲን ይበቃዋል፤ ጯን እዚያ ውስጥ ለማስገባት ግን አንዱን እግር ወይም አንዷን ጭረት መሠዋት የግድ ነው። ቁጥሩም ሌላ ጣጣ ነበረው። የያኔው የሆሄ ሰንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ለግዕዝ ፊደል የሰጠው 345 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የሶፍትዌር አምራች ሆሄያቱን በየራሱ መንገድ ይደለድል ስለነበር፣ አንዱ ዘንድ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲከፈት የምልክት ዝብርቅ ይሆን ነበር። ጽሑፍን በምስል የመላክ ልማዳችን የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ይመስለኛል፤ ዩኒኮድ መጥቶም አልለቀቀንም።

በእነዚህ የኦሮሚያ ከተሞች ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ሆሄያት፣ ይጻፋል፤ አማርኛው ከጎኑ ሲሰለፍ ሁለት ፊደል በአንድ ምስል ይገናኛል። ቁቤ አናባቢውን ራሱን የቻለ ሆሄ አድርጎ ስለሚጽፍ ቅነሳን ይችላል። ምስሉን የሚያሳንሰው ሰው ቁቤውን አይቶ «ይነበባል» ብሎ ያልፋል፤ የተጎዳው አማርኛው መሆኑን ልብ አይልም።

«ዛሬ ስክሪኑ ጠርቷል፣ ምን ጭቅጭቅ አለው?» የሚል አይጠፋም። ስክሪኑ ሆሄውን በእጥፍ ነጥብ ቢሥለውም ፕሮግራሙ ምስሉን መልሶ ወደ ነጠላ ካወረደው ጥራቱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። በሊኑክሱ የስክሪን ሥርዓት በዌይላንድ ላይ የሚሠራው ግሪም የተባለ የስክሪንሹት ፕሮግራም ለምርጫው ጥሩ አብነት ነው፤ የመጠን ማባዣ ከተሰጠው ይቀበላል፣ ካልተሰጠው ከተገናኙት ስክሪኖች ማባዣ ትልቁን ይወስዳል። ለኢንተርኔት ገንዘብ የሚሳሳ ሰውም መብት አለው፤ የመልክዓ ምድር ፎቶ ይቀንስ፣ ጽሑፍ የያዘውን ይተው። ምርጫ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሰበታ ይመጣል፤ ከተማዋ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ ትታወቃለችና። ለማያይ ሰው የምስል መጠን ምን ይጠቅመዋል? እርግጥ ለእሱ የሚሻለው ጽሑፉ ራሱ ነው። የደረሰው ምስል ብቻ ከሆነ ግን እንደ ቴሰራክት ያለ አማርኛ የሚያውቅ ፕሮግራም ሆሄያቱን ከነጥቦቹ መልቀም አለበት፤ ጭረቷ ከሌለች ድምፅ አንባቢው «ሰለልታ» ብሎ ይነግረዋል፣ እሱም ስሕተቱን በዓይኑ አይቶ የሚያርምበት መንገድ የለውም።