የተቆረጠ ግንድ ምስክርነት፤ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ የእንጨትን ዘር ለይቶ ስለ ማወቅ

የታሪክ ተማሪ ማስረጃ ሲሻ አስቀድሞ የሚሄደው ወይ ወደ ብራና ወይ ወደ ሽማግሌ ነው። በጉራጌ አገር ግን ከእነዚህ ሌላ ሦስተኛ ምስክር ይገኛል፤ ይኸውም የቤቱ ምሰሶ ነው። ክቡ የጉራጌ ቤት በጀፎረው ዳር ከፍ ብሎ የሚቆመው በመካከለኛው ምሰሶ ብርታት ስለ ሆነ፥ ምሰሶው የተቆረጠበትን ዘመን ደን በራሱ ገላ ይዞ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቅጠሉ የረገፈ፥ ቅርፊቱ የተላጠ፥ ተቆርጦ የተጋደመ ግንድ የየትኛው ዛፍ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ከታወቀስ በኋላ ስለ አገሩ ታሪክ ምን ያህል ሊነግረን ይችላል?

ነገሩ የእንጨት ነጋዴ ጉዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ ሁለት ምክንያት እናቀርባለን። አንደኛው የሕግ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። አዋጁ በኋላ በሌሎች ቢተካም፥ ጥያቄው እንዳለ ነው፤ በመኪና ላይ የተጫነ ግንድ ስሙ ተሳስቶ ከተጠራ፥ ወይ ንጹሑ ሰው ይከሰሳል፥ ወይ ጥፋተኛው ያልፋል። ሁለተኛው የታሪክ ነው። ዛሬ ከቡታጅራ ወይም ከወልቂጤ ወጣ ብሎ የሚመለከት ሰው እንሰትና ባሕር ዛፍ ጎን ለጎን ቆመው ያያልና፥ አገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ሊመስለው ይችላል። እንሰቱ በእርግጥ የቆየ ነው፤ ባሕር ዛፉ ግን እንግዳ ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት የስም ነገር ነው። በወልቂጤ ገበያ አማርኛ፥ ጉራጌኛና ኦሮምኛ በአንድ ቀን ይሰማሉ፤ አንዱም ዛፍ እንደ ሻጩና እንደ ገዢው ስሙን ይለውጣል። አማርኛ ተናጋሪው ዋንዛ የሚለውን ኦሮሞው ወዴሳ፥ ወይራ የሚለውን ኤጀርሳ፥ ዝግባ የሚለውን ቢርቢርሳ ይለዋል። ስሙ አንድ በሆነበትም ቦታ ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ሲቆረጥ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ አየር ሲያገኘውም ቅላቱ ይጠቁራል እንጂ እንደ ስሙ ጥቁር አይደለም። «ጠንካራ እንጨት» የሚለውም አነጋገር እንዲሁ ነው። አናጢው ጥድን ምስጥ የማይደፍረው ብርቱ እንጨት ነው ብሎ ያመሰግነዋል፤ የሥነ እፀዋት ሊቃውንት ግን ጥድንና ዝግባን ከለስላሶቹ ወገን ይመድቧቸዋል፥ ለመጥረቢያ ቀላል የሆነውን ዋንዛን ደግሞ ከጠንካሮቹ። ምክንያቱም ሊቃውንቱ የሚለዩት በጥንካሬው ሳይሆን በውስጥ አሠራሩ ነው።

ይህም አሠራር ግንዱን አግድም ቆርጦ በሚገኘው ፊት ላይ ይታያል። ፊቱን በስለታም ቢላዋ አለስልሶ፥ በጥቂት ውሃ አርሶ፥ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር መመልከት ነው። ውሃ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች እንደ መርፌ ቀዳዳ ከታዩ ግንዱ ከጠንካሮቹ ወገን ነው፤ ከነጭራሹ ቀዳዳ ከሌለ ጥድ ወይም ዝግባ መሆኑን እንጠረጥራለን። ከዚያም የቀዳዳዎቹን ስፋትና አሰላለፍ፥ ከመካከል ወደ ዳር የሚወጡትን ጨረሮች፥ በልበ እንጨቱና በዳሩ እንጨት መካከል ያለውን የቀለም ልዩነት፥ ሽታውንና ክብደቱን በየተራ መመዝገብ ያስፈልጋል።

በአካባቢው የሚገኙትን ዋና ዋናዎቹን በዚህ መንገድ ብንወስድ፥ ጥድ ልቡ ቀይ ቡናማ ነው፤ ሲቀረጽም የእርሳስ ሽታ ይሸታል። ዝግባ ቢጫ ቀመስ ነው፤ ሽታ የለውም፥ ልቡና ዳሩም በቀለም እምብዛም አይለዩም። ወይራ ቀዳዳው በዓይን ብቻ የማይታይ ረቂቅ ነው፤ ልቡ ጠቆር ያለ መስመር አለበት፥ ክብደቱም ከውሃ ክብደት የሚስተካከል ያህል ነው። ዋንዛ ቀዳዳው በዓይን ይታያል፤ በቁመት ሲሰነጠቅም ጨረሮቹ እንደ ጌጥ ያብረቀርቃሉ። የደጋው ኮሶ ልቡ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ባሕር ዛፍ ቀዳዳዎቹ በሰያፍ ይሰለፋሉ፤ ክሩም የተጠላለፈ ነው።

እዚህ ላይ የአገሩን አናጢ እውቀት መናቅ አይገባም። እርሱ መጥረቢያው ሲያርፍ ከሚሰማው ድምፅ፥ ከሰጋቱራው ሽታና ከጭሱ ብዙውን ያውቃል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ የምታጥን ሴትም ወይራን ከሌላው አታሳስተውም። ሆኖም እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፤ በቤት ውስጥ ዘመን ሙሉ ጭስ የጠጣ ምሰሶም ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ይሆናል። ቀለምና ሽታ ያልፋሉ፤ የቀዳዳዎቹ አሰላለፍ ግን አያልፍም። ስለዚህ የአናጢው ቃል መነሻ፥ መነጽሩ ደግሞ ማረጋገጫ ይሁን እንላለን።

እንዲህ ያለው ምርመራ በፍርድ ሸንጎ ሳይቀር የተመሰከረለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በአሜሪካ በታየው የሊንድበርግ ሕፃን ጠለፋ ችሎት፥ አርተር ኬለር የተባለው የእንጨት ዐዋቂ ከመሰላሉ አንዱን ቋሚ ከተከሳሹ ጣራ ሥር ካለው ወለል ጋር አስተያይቶ ቃሉን ሰጥቷል። ነገር ግን ወሰኑንም ማወቅ ይገባል። መነጽር ብዙውን ጊዜ ወገኑን እንጂ ዝርያውን አይነግርም፤ ነጭና ቀይ ባሕር ዛፍን ከሌሎች ዘመዶቻቸው፥ ወይም ወይራን ከቅርብ ዘመዱ ለመለየት ማይክሮስኮፕና ስሙ ከተረጋገጠ ዛፍ የተወሰደ ናሙና ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ያመጣውም ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በማገዶ እጦት ተጨንቃ፥ ንጉሡ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስኪያስቡ ድረስ ደርሳ ነበር፤ የባሕር ዛፍ መስፋፋት ከተማይቱ በቦታዋ እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ሆነ። ዛፉ ወደ ጉራጌ የዘለቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ዊልያም ሻክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ መጽሐፉን ሲያሳትም፥ ባሕር ዛፍ የጉራጌ ገበሬ ለቤትም ለገበያም የሚተክለው ዛፍ ሆኖ ነበር።

ከዚህ አንድ የማያወላውል ሕግ እናገኛለን። ከምኒልክ ዘመን በፊት ተሠራ በሚባል ቤት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቢገኝ፥ ወይ ምሰሶው ኋላ ተለውጧል፥ ወይ የቤቱ ዕድሜ በስሕተት ተነግሯል። ሕጉ ግን ተገልብጦ አይሠራም። የጥድ ምሰሶ መገኘቱ ቤቱ ጥንታዊ ነው አያሰኝም፤ ጥድ ዛሬም አለና፥ ጥሩ ምሰሶም ከፈረሰው ቤት ተነቅሎ በአዲሱ ሊተከል ይችላልና። በዚያ ላይ የእንጨቱ ቤት መሥሪያ የተገኘበት ቦታ ሁልጊዜ የበቀለበት ቦታ አይደለም።

ይህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ በተለይ ለሁለቱ ከተሞች ይገባል። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ናት፤ በእርሷ በኩል የደቡብ ምዕራቡ ጣውላ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። ቡታጅራም ከዓለም ገና ወደ ወላይታ ሶዶ በተዘረጋው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ለዚህም መንገድ የአካባቢው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ ገንዘብ ያዋጣበትን ታሪክ ፈቃዱ ገዳሙ በጥናታቸው መዝግበውታል። መንገዱ ከመዘርጋቱ በፊት ከባድ ግንድ የሚመጣው በሰው ትከሻ ስለ ነበረ፥ የዚያ ዘመን ምሰሶ የቅርቡን ደን ይመሰክራል፤ ከመንገዱ ወዲህ ያለው ግን የመኪናውን ጉዞ ሊመሰክር ይችላል። እንግዲህ ጠያቂው «ምን እንጨት ነው?» ካለ በኋላ «መቼና በምን መጣ?» ማለት አለበት።

ከላይ ከተነገረው የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። የደኑ መለወጥ በጉራጌ ቤቶች ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ጽሑፉ ግን እየጠፋ ነው። ክቡ ቤት በቆርቆሮና በሲሚንቶ ሲተካ፥ የአያቶች ምሰሶ ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የእፀዋት ማኅደር አለ፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም በስፍራው ይገኛል። ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲመለሱ፥ ከሚፈርስ ቤት የጣት ርዝማኔ ያላት ቁራጭ ቢያነሡ፥ የቤቱን ቦታ፥ የባለቤቱን ቃልና ምሰሶው የተተከለበትን ዘመን ጽፈው ቢያስቀምጡ፥ አድካሚ ሥራ አይሆንም። ብራና የሌለው አገር ታሪክ የለውም የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ግን ምሰሶው ከመቃጠሉ በፊት እንዲጠየቅ እንሻለን።