ሳይቃጠል በቅጠል

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ያስተማሩን ምክር ለመናገር ቀላል ነው፤ በሥራ ለመፈጸም ግን ብዙ ሰው ይሰንፋል። እሳት ትንሽ ሳለ ታዛዥ አገልጋይ ስለ ሆነ፥ አንድ ቀን ጌታ ይሆናል ብሎ የሚጠነቀቅ ጥቂት ነው። ይህንን የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ እነሆ።

በሰሜን አሜሪካ፥ ዊስኮንሲን በሚባለው አገር፥ በታላቅ ደን መካከል ፔሽቲጎ የምትባል ከተማ ነበረች። በወንዝ ዳር የተሠራች ስትሆን ሕዝቧ 2,000 ያህል፥ ኑሮዋም የእንጨት ሥራ ነበር። ቤቱ እንጨት፥ ድልድዩ እንጨት፥ የእግረኛው መንገድም እንጨት ነበር፤ በጎዳናው ላይ የሚነሰነሰውም ሰጋቱራ ነበር።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1871 ዓ.ም. በበጋው ወራት ዝናም ጠፋ፤ ረግረጉም ሳይቀር ደረቀ። ሰው ግን ልማዱን አልተወም። ገበሬው አዲስ እርሻ ለማውጣት ጫካውን መንጥሮ ያቃጥል ነበር። የባቡር ሐዲድ የሚዘረጉት ሠራተኞች የቆረጡትን ዛፍ ከምረው ያነዱ ነበር። አዳኙም ምግቡን ካበሰለ በኋላ ፍሙን ሳያጠፋ መንገዱን ይቀጥል ነበር። እያንዳንዱ «የእኔ እሳት ትንሽ ናት» ይል ነበርና፥ ሁሉም ባንድነት ምን ያህል እንደ ሆኑ የቈጠረ አልነበረም።

በሴፕቴምበር ወር መጨረሻ እሳቱ ከተማይቱ አጠገብ ደረሰ። ሕዝቡ ውሃ እየተቀባበለ ተከላከለ፤ ነፋሱም ዞረና ዳኑ። ይህ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነበር። ነገር ግን ከከተማው ውጭ በየጫካው የሚጤሰውን እሳት እንዲያጠፋ የሚያስገድድ ሕግም ሹምም አልነበረም።

ኦክቶበር 8 ቀን፥ እሑድ ማታ፥ ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። ተበታትነው ይጤሱ የነበሩት እሳቶች ተጋጠሙና አንድ ነበልባል ሆኑ። ፔሽቲጎ አንድ ሰዓት በሚያህል ጊዜ ውስጥ አመድ ሆነች። ማምለጥ የቻለው ሰው ወደ ወንዙ ገብቶ፥ ራሱን ውሃ ውስጥ እየነከረ ሌሊቱን አሳለፈ፤ ከነዚህም አንዱ ፒተር ፐርኒን የተባለ ቄስ ነበር፤ ያየውን ሁሉ ኋላ ጽፎ አስቀርቶልናል። በዚያ ሌሊት በአካባቢው ሁሉ የሞተው ሰው ከ1,200 እስከ 2,500 ይገመታል። ትክክለኛው ቍጥር ያልታወቀው የስም መዝገቡ አብሮ ስለ ተቃጠለ፥ ሬሳውንም የሚለይ ዘመድ ስለ ጠፋ ነው፤ 350 ያህል ሰዎች ባንድ ጉድጓድ ተቀበሩ።

በዚያችው ሌሊት ቺካጎ የተባለችው ታላቅ ከተማ ተቃጠለች፤ በርሷ የሞቱት 300 ያህል ናቸው። ዓለም ግን ቺካጎን አስታወሰ፥ ፔሽቲጎን ረሳ። የዊስኮንሲን አገረ ገዥ እንኳ ለቺካጎ ርዳታ ይዞ ሄዶ ስለ ነበር፥ ለፔሽቲጎ የመጀመሪያውን ርዳታ በባቡር የላከችው ወጣት ሚስቱ ፍራንሲስ ፌርቻይልድ ነበረች።

ከዚህ መከራ ሰው ፈጥኖ ተማረን? አልተማረም። በ1894 ዓ.ም. በጎረቤት አገር በሚኒሶታ፥ ሂንክሊ የምትባለው ከተማ በደን እሳት ጠፍታ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በሚኒሶታ የደን እሳት ጠባቂ በሕግ የተሾመው ከዚያ በኋላ፥ በ1895 ዓ.ም. ነው። ከፔሽቲጎ እስከዚያ 24 ዓመት አለፈ። በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. በድርቁ ወራት በባሌና በቦረና ደን የተነሣው እሳት ለሳምንታት ነዶ ብዙ ሺህ ሄክታር ጨርሷል።

ዛሬ በብዙ አገር ምድር በደረቀ ጊዜ በሜዳ እሳት ማንደድ በፈቃድ ብቻ ነው፤ ነፋስ ሲበረታም ፈጽሞ ይከለከላል። አንዳንድ ወጣት ይህን ሲሰማ «በገዛ መሬቴ፥ በገዛ እንጨቴ ማን ይከለክለኛል?» ይላል። መሬቱ ያንተ ሊሆን ይችላል፤ ነፋሱ ግን ያንተ አይደለም። ፍንጣሪውን ተሸክሞ ወደ ጎረቤትህ ጎተራ ሲወስደው አንተን አያስፈቅድም።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፥ በጉዞ ላይ ሆነህ እሳት ማንደድ ቢያስፈልግህ አስቀድመህ የአገሩን ደንብ ጠይቅ። ከተፈቀደልህም ሣሩንና ቅጠሉን ጠርገህ ባዶ አፈር ላይ አንድድ፤ ውሃም ባጠገብህ ይኑር። ስትነሣ ውሃ አፍስስበት፥ በእንጨት አማስለው፥ ደግመህ አፍስስ። በመጨረሻም የእጅህን ጀርባ አስጠግተህ ሙቀቱን መርምር። እጅህ ሙቀት ከተሰማው ሥራህ አላለቀምና አትሂድ። አመድ ከላይ ነጭ ሆኖ ከውስጡ ፍም ሊያድር ይችላል።

ይህን ስትፈጽም የሚያመሰግንህ ሰው አይኖርም፤ ያልደረሰ ጥፋት አይታይምና። የፔሽቲጎ አዳኝ ግን ይህን ጥቂት ደቂቃ ሥራ ንቆ ነበር የሄደው።