በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ሲጓዙ የቃጠሎ ሽታ ቢሰማዎት

በጉዞ ላይ የቃጠሎ ሽታ የተሰማው አሽከርካሪ በቅድሚያ ወደ መንገድ ዳር ወጥቶ ተሽከርካሪውን ማቆምና ማጥፋት ይኖርበታል፤ የሽታውን ምንጭ መለየት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ረጅም ቁልቁለት ከተወረደ በኋላ ከጎማ አካባቢ የሚመጣ ሽታ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ሸራ መጋል ነው። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ቁልቁለት ሲወረድ፣ ሞተሩ ኃይል ወደ ባትሪው እየመለሰ ተሽከርካሪውን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ጫናው በፍሬኑ ላይ ያርፋል። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል፤ ውኃ አይደፋበትም።

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግን የሽቦ ወይም የማገናኛ ብልሽትን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ተሽከርካሪው ሳይነዳ ወደ ባለሙያ ይወሰድ። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉ በመሆናቸው ፈጽሞ መነካት የለባቸውም።

ጣፋጭ ወይም የቀለም ማቅጠኛ የመሰለ ሽታ፣ ከወለሉ ሥር የሚወጣ ጭስ ወይም የመንጣጣት ድምፅ ካለ ችግሩ ከባትሪው እንደመጣ ይቆጠራል። ንብረት ለማውጣት ሳይዘገዩ ተሳፋሪዎችን ከጭሱ ማራቅ፣ በአዲስ አበባ በ939 ደውሎ ተሽከርካሪው የኤሌክትሪክ መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። እሳቱ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላም ዳግም ሊነሳ ስለሚችል ተሽከርካሪው ከቤትና ከሌሎች መኪናዎች ርቆ ይቁም።