ቡችላን አደን ስለ ማስተማር፤ ከጥንት ግሪኮች እስከ ዘመናችን

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ እኛም የታሪክ ክበብ ተማሪዎች የበኩላችንን እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ብዙዎች መኾናቸውን አይተን ሰው ብዙም የማያስበውን አንድ ርእስ መረጥን። ይኸውም የሰው ልጅ የውሻን ቡችላ ልዩ ልዩ አውሬ እንዲያድን እንዴት ያስተምረው እንደ ነበረ የሚገልጽ ታሪክ ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ርእሱን በሰሙ ጊዜ ሳቁብን። «ውሻ ማደንን ከእናቱ ይወርሳል እንጂ ምን አስተማሪ ያስፈልገዋል?» አሉን። እኛም መልስ እናገኝ ብለን መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን፤ ያገኘነውንም ከዚህ በታች እናቀርባለን። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መኾናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለዚህ ጉዳይ በስፋት ከጻፉት የጥንት ሰዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ክሴኖፎን ነው። ክሴኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ዓመት ገደማ በአቴና የተወለደ፣ የፈላስፋው የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር የነበረ ወታደርና ደራሲ ነው። ከአገሩ በተሰደደ ጊዜ ስፓርታውያን በኦሊምፒያ አጠገብ ስኪሉስ በሚባል ስፍራ ርስት ሰጡት። በዚያም በአርጤምስ በዓል የእርሱ ልጆችና የሌሎች ዜጎች ልጆች አብረው ወደ አደን ይወጡ እንደ ነበር ራሱ ጽፎልናል። በስሙ የሚታወቀው የአደን መጽሐፍ ስለ መረብና ስለ ጦር ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ቡችላ ከተወለደ ጀምሮ እንዴት መያዝ እንዳለበት ደረጃ በደረጃ ያስረዳል።

በመጀመሪያ ለቡችላው ስም ይወጣለታል። ስሙም ለመጥራት እንዲመች አጭር መኾን አለበት ይላል። ከዘረዘራቸው ስሞች ውስጥ በእኛ ቋንቋ ነፍስ፣ ወኔ፣ ጦር፣ ዘበኛ፣ ደስታ የሚል ትርጉም ያላቸው ይገኛሉ። ሴቷ ቡችላ በ8 ወር፣ ወንዱ በ10 ወር ወደ አደን ይወጣሉ። ዳሩ ግን ወዲያው አይለቀቁም። በረዥም ገመድ ታስረው፣ ዱካ የሚያነፈንፉትን ትልልቅ ውሾች ከኋላ እየተከተሉ ሽታውን እንዲለምዱ ይደረጋል። ጥንቸሏ ከተኛችበት በተነሣች ጊዜም ጎበዙ ቡችላ ቶሎ አይፈታም፤ እርሷ ርቃ ከዓይን ስትሰወር ነው የሚለቀቀው። ምክንያቱም ወኔ ያለው ቡችላ አውሬዋን እያየ ከሮጠ ገና ያልጠና ሰውነቱ ከዐቅሙ በላይ ተወጥሮ ይጎዳል። ሩጫው ደካማ የኾነው ግን ወዲያው ቢለቀቅ ምንም አይደለም፤ እርሱ እንደማይደርስባት ሲያውቅ ቶሎ ይተዋታልና።

ስለ ምግብ የሰጠው ምክርም ያስደንቃል። ቡችላው ልምድ ስለሌለው በአደን ላይ ቢጠፋ ምግቡን ፍለጋ እንዲመለስ፣ መረቡ በሚነሣበት ጊዜ በዚያው አጠገብ ይመገብ ይላል። ደግሞም ባለቤቱ በገዛ እጁ ያብላው ይላል። ውሻ ሲርበው ጥፋቱ የማን እንደ ኾነ አያውቅም፤ ሲበላ ግን የሰጠውን ሰው ይወዳል። የእኛም አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚሉት ይህንኑ ተመልክተው ነው።

ለልዩ ልዩ አውሬ የሚመረጠውም ውሻ ልዩ ልዩ ነበር። ለጥንቸል የላኮንያ ማለት የስፓርታ አገር ውሾች ይመረጡ ነበር። ለአጋዘን ግልገል የህንድ ውሾች፣ ለዱር አሳማ ደግሞ የህንድ፣ የቀርጤስ፣ የሎክሪስና የላኮንያ ውሾች ይወጡ ነበር። የዱር አሳማ በጥርሱ ሰውንም ውሻንም ስለሚገድል፣ ለእርሱ የሚወጣው ውሻ ከተገኘው ሁሉ የተለቀመ መኾን የለበትም። አዳኞቹም በመጀመሪያ አንድ የላኮንያ ውሻ ብቻ ለቀው፣ ሌሎቹን አስረው ይዘው፣ አውሬው የተኛበትን ስፍራ ያስፈልጉ ነበር።

ክሴኖፎን የውሾችንም ጠባይ ሳያሳልፍ ጽፏል። አንዳንዱ አደኑን ስለሚጠላ፣ አንዳንዱም ሰውን ስለሚወድ፣ ዱካውን ትቶ ወደ ጌታው ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ዱካ በሌለበት እየጮኸ ሐሰቱን እውነት ለማስመሰል ይሞክራል። ይህን ባነበብን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያይተን ሳቅን፤ በክፍላችንም ሳያጠኑ እጃቸውን ቀድመው የሚያወጡ አሉና።

ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረን ግን አንድ ትእዛዝ ነው። ክሴኖፎን የጥንቸል ውሾች ቀበሮ እንዲያባርሩ ፈጽሞ እንዳይፈቀድላቸው ያስጠነቅቃል። ቀበሮ ማባረር የለመደ ውሻ ይበላሻል፤ በሚፈለግበትም ጊዜ አይገኝም ይላል። የአገራችን ሽማግሌዎች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ለአዳኝ ውሻ ግን ይህ ምክር አይኾነውም፤ ሁለት ሽታ የሚከተል አንዱንም አይዝምና።

ከክሴኖፎን 500 ዓመት ያህል ቆይቶ የተነሣው የኒቆሜዲያው አርያን የእርሱን መጽሐፍ ለመሙላት ሌላ የአደን መጽሐፍ ጻፈ። አርያን በሽታ ሳይኾን በዓይን የሚያድኑትን ፈጣኖቹን የኬልት ውሾች ያውቅ ነበር። እውነተኛ አዳኝ ውሾቹን የሚያወጣው ጥንቸሏን ለመግደል ሳይኾን ሩጫውን ለማየት ነው፤ ብታመልጥም ደስ ይለዋል ብሎ ጽፏል።

ወደ መካከለኛው ዘመን ስንመጣ የፎዋ መስፍን የነበረውን ጋስቶን ፌቡስን (1331–1391) እናገኛለን። ይህ ፈረንሳዊ መስፍን በ1387 የጀመረው የአደን መጽሐፍ በአውሮፓ እጅግ የታወቀ ነው። እርሱም ውሾቹን በየሥራቸው ይለያቸዋል። ዱካ በሽታ ተከትለው ረዥም መንገድ የሚሮጡ አሉ፤ በፍጥነታቸው ደርሰው የሚይዙ አሉ፤ ድብንና የዱር አሳማን ታግለው የሚያቆሙ ብርቱዎችም አሉ። በገመድ ተይዞ ድምፅ ሳያሰማ በማለዳ አጋዘኑ ያለበትን ስፍራ የሚያመለክት ውሻም ነበር። አደኑ ሲፈጸም ለውሾቹ ዋጋቸው በአውሬው ቆዳ ላይ ይቀርብላቸው ነበር፤ ይህም የደከሙለት አውሬ የትኛው እንደ ኾነ እንዲያውቁ ነው።

ጋስቶን ፌቡስ ትምህርቱን የሚጀምረው ግን ከውሻው አይደለም፤ ከልጅ ነው። አዳኝ የሚኾነው ልጅ በ7 ዓመቱ ወደ ሥራው ይግባ ይላል። ልጁ የውሾቹን ስምና መልክ በቃሉ ያጠናል፤ ቤታቸውን ይጠርጋል፤ ጭዳቸውን ይለውጣል፤ ሌሊት እንዳይጣሉም አብሯቸው ያድራል። ቡችላውና ልጁ አብረው ይማሩ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ባለርስቶች ቀበሮ ማደንን እንደ ትልቅ ክብር ይዘውት ነበር። ፒተር ቤክፎርድ በ1781 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ጉዳይ በሰፊው ጽፏል። ቡችሎቹ በመጀመሪያ በገበሬዎች ቤት ያድጋሉ፤ ከዚያም በጎችን እንዳይነኩ በመንጋ መካከል ይመላለሳሉ፤ ከሠለጠነም ውሻ ጋር በአንገታቸው ይጣመዳሉ። በዚያ አገር ከኾነ ቀበሮ ትቶ ጥንቸል ያባረረ ውሻ እንደ ጥፋተኛ ይቈጠር ነበር።

እነሆ፣ የክርክራችን መልስ እዚህ ላይ ተገኘ። በግሪክ ቀበሮ ማባረር ጥፋት፣ ጥንቸል ማባረር ሙያ ነበር፤ በእንግሊዝ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። እንግዲህ ጓደኞቻችን በከፊል ልክ ናቸው፤ አፍንጫውንና ሩጫውን ቡችላው ከወላጆቹ ይወርሳል። የትኛውን ሽታ መከተል እንዳለበት ግን የሚወስነው አስተማሪው ነው። ስለዚህ ውሻው የያዘው አውሬ መልካም ወይም ክፉ ቢኾን ተጠያቂው ውሻው ሳይኾን ያስተማረው ሰው ነው።

ሰውም አሳቡን ይለውጣል። በእንግሊዝና በዌልስ በ2004 የወጣው ሕግ ከ2005 ጀምሮ የዱር እንስሳትን በውሾች ማደንን፣ ከጥቂት ልዩ ኹኔታዎች በቀር፣ ከለከለ። ከዚያም ወዲህ ብዙዎች ውሾቻቸውን በሰው እጅ በመሬት ላይ የተጎተተ ሽታ እንዲከተሉ አስተማሩ። በእኛም አገር በቀድሞ ዘመን ዝኆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ይፎከርለትና ይሸለም ነበር። ዛሬ ግን በጎረቤታችን በኬንያና በታንዛኒያ በስውር የሚወጣውን የዝኆን ጥርስ በሽታ የሚያጋልጡ ውሾች ሠልጥነው በአውሮፕላን ጣቢያና በወደብ ይሠራሉ። ዝኆኑን ለመግደል ሊያገለግል ይችል የነበረው አፍንጫ ለዝኆኑ ዘበኛ ኾነ።

ውድ መምህሮቻችንና ወላጆቻችን፤ እኛ ከቡችላ ጋር ራሳችንን ማስተካከላችን ቅር እንዳያሰኛችሁ እንለምናለን። በገመድ ይዛችሁ ዱካውን ስታሳዩን፣ ለመሮጥ ስንቸኩልም ስትከለክሉን አንዳንድ ጊዜ አጉረምርመናል፤ አሁን ግን የክሴኖፎንን ምክንያት ስላነበብን ነገሩ ገብቶናል። ነገር ግን ሰው ከውሻ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ውሻ የተሰጠውን ሽታ ለምን እንደሚከተል አይጠይቅም። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ነገ እኛም በተራችን አስተማሪዎችና ወላጆች ስንኾን ልጆቻችንን በየትኛው ዱካ ላይ እንደምንለቃቸው ከዛሬው ማሰብ ይገባናል።