ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ኬሚካል አያያዝና አወጋገድ

ለአንበጣና ለሌሎች ተባዮች መከላከያ በግዥና በእርዳታ ገብቶ ሳይረጭ የቀረ ኬሚካል በኢትዮጵያ መጋዘኖች ለአሥርት ዓመታት ሲከማች ቆይቷል። አገሪቱ መርዙን በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል ምድጃ ስላልነበራት፣ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ 1,500 ቶን ገደማ ታሽጎ ፊንላንድ ተልኮ ተቃጥሏል። ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በተቀላቀለችው የባዝል ስምምነት መሠረት አደገኛ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩና መተላለፊያው አገር አስቀድመው በጽሑፍ ሲፈቅዱ ነው።

በገበሬው ቤት የቀረውን ግማሽ ጠርሙስ ግን ማንም መርከብ አይወስደውም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ለገብስ፣ ለጤፍ ወይም ለበግ ቅማል ከተገዛው የተረፈው ገደል ቢደፋ፣ ጎርፍ ወደ ወንጭትና ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ አባይ ያወርደዋል። ስለሆነም ትርፉ ከነመለያ ጽሑፉ በራሱ ዕቃ ታሽጎ፣ ከምግብና ከሕፃናት ርቆ ይቆለፍበታል፤ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያም ይነገራል።

ባዶው ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ አይውልም፤ ፕላስቲኩ መርዙን ይመጥጣልና። ኬሚካሉ እንዳለቀ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ በማሳው ላይ ይረጫል፤ ጀሪካኑም ዳግም እንዳያገለግል ይበሳል።