የመኪና ባትሪ ድንገተኛ መድከም

የመኪና ባትሪ ድንገተኛ መድከም ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን ለማሽከርከር የሚበቃ ኃይል የሚያጣበት ብልሽት ነው። «ድንገተኛ» ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ ሲጠራቀም የቆየ ጉዳት የሚገለጥበት ሰዓት ነው። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ፣ ወይም በባሶ ሊበን ወረዳ ማዕከል በየጁቤ ዙሪያ ለሚሠራ ሹፌር፣ ምልክቱን አስቀድሞ መለየትና ሲደርስም በሥርዓት መርዳት ከጋራዥ ርቆ ከመቆም ያድናል።

አሠራሩ

በእርሳስና በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራውን፣ ተመልሶ የሚሞላውን ባትሪ የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1859 ነበር። ባትሪው ለመኪና አስፈላጊ የሆነው ግን ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴሉ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከገጠመ በኋላ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ገደማ የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው ነው።

መንስኤዎች

ባትሪ ሳይሞላ ሲቆይ በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ይጋገራል፤ የቆየ ቅርፊት ደግሞ ቻርጅ ቢደረግም በቀላሉ አይለቅም። ሙቀት ውሃውን ያተናል፣ የሳህኖቹንም መበላት ያፋጥናል። ቅዝቃዜ በበኩሉ ኬሚካዊውን ሂደት ያዘገያል፣ የሞተር ዘይቱን ያወፍራል። ስለዚህ የዓባይ ሸለቆ ሙቀት ያዳከመው ባትሪ ድካሙን የሚያሳየው ደጋ ወጥቶ ባደረበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ሊሆን ይችላል። በክረምት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ አብረው ይሠራሉ፤ መንገዱ አጭር፣ ማቆሙ ተደጋጋሚ ከሆነ ዲናሞው የወጣውን አይተካም። መብራት ሳያጠፉ ማደር፣ የላላ ወይም ነጭ ዝገት ያበቀለ ማሰሪያ እና የላላ የዲናሞ ቺንጋም ያው ውጤት አላቸው።

ምልክትና ልኬት

ሞተሪኖው ከወትሮው ዝግ ብሎ መዞሩ፣ ሲነሳ መብራቱ መደብዘዙ፣ የክላክሱ ድምፅ መሳሳቱ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። መኪናው ለሰዓታት ከቆመ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ያህል፣ ከ12 በታች ደግሞ ባዶ ለመሆን የቀረበ ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከታየ ዲናሞው እየሞላ ነው፤ ከ13 በታች ከሆነ ጥፋቱ ከዲናሞው ወገን ሊሆን ስለሚችል ባትሪ መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

በኬብል ማስነሳት

በመጀመሪያ የሁለቱን መኪኖች ቮልት ማመሳከር ግድ ነው። እንደ አይሱዙ ያሉ ብዙ የጭነት መኪኖች ሁለት ባትሪ በተከታታይ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ ይህን ከ12 ቮልት መኪና ጋር ማገናኘት የኤሌክትሮኒክ ክፍሎችን ያቃጥላል፣ ባትሪም ሊያፈነዳ ይችላል። የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ባትሪ ከናካቴው አይነካም።

ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው ቀዩ ኬብል አስቀድሞ ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከረዳቱ ፖዘቲቭ ይታሰራል። ጥቁሩ ከረዳቱ ኔጋቲቭ ይጀምርና ሌላው ጫፉ ከባትሪው ራቅ ባለ፣ ቀለም በሌለው የደከመው መኪና ሞተር ብረት ላይ ያርፋል። ይህ ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው ባትሪ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ፣ የመጨረሻው ንክኪ የሚፈጥረው ብልጭታም ጋዙን ሊያቀጣጥል ስለሚችል ነው። ረዳቱ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የደከመው ይሞከራል፤ ኬብሉ የሚፈታው በታሰረበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ገፍቶ ማስነሳት

የሚሆነው ለማንዋል መኪና ብቻ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ይገፋል፤ ፍጥነት ሲያገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። ባትሪው የደከመበት ሹፌር ቁልቁለት ላይ ማቆሙ የተለመደ ቢሆንም አደጋ አለው፤ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ፍሬኑና መሪው የሞተሩን እገዛ ስለማያገኙ እጅግ ይከብዳሉ። እንደ ዓባይ ሸለቆ ባለ ቁልቁለት ይህን መሞከር የተሳፋሪንም የእግረኛንም ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

የኤሌክትሪክ መኪኖች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በኢትዮጵያ እየተለመደ ነው። አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከደከመ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ብዙ አምራቾች በኤሌክትሪክ መኪና ሌላ መኪና ማስነሳትን ይከለክላሉ።

ጥገናና አወጋገድ

የተነሳ መኪና ተሞላ ማለት አይደለም፤ ባዶ ባትሪን በቻርጀር ቀስ ብሎ መሙላት ይሻላል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርበት የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ ወይም አሲድ አይደለም። ያረጀውን በጓሮ መስበርና እርሳሱን ማቅለጥ አፈርን ይበክላል፣ ከሁሉ በላይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻን የምትቆጣጠርበት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አላት። ስለዚህ አሮጌው ባትሪ አሲዱ ሳይደፋ፣ እንደቆመ ተጓጉዞ ለሚሰበስብ ነጋዴ ወይም በአግባቡ መልሶ ለሚጠቀም ድርጅት መሰጠት አለበት።